አሮጌ ስልክን በሌላ ስለ መለወጥ፤ ስለ አመራረጣችን የቀረበ ሒስ

ሒስ የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ ወደ አሳባችን ቶሎ የሚመጣው መጽሐፍ፣ ቴአትር ወይም ሥዕል ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ አንድ ተማሪ ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ ሰዓት በእጁ የሚይዘው፣ ገንዘቡንም ከመጽሐፍ ይልቅ የሚያወጣበት ዕቃ ስልክ ነው። አሮጌውን ስልክ በሌላ ለመለወጥ ሲነሣ ከጓደኞቹ ጋር ለብዙ ቀን ይከራከራል፤ ከመርካቶ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ክርክሩ ግን፣ እኔ እንደ ሰማሁት፣ ስለ ዕቃው ስምና ስለ ዋጋው እንጂ ዕቃው ስለሚመዘንበት ሚዛን አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምር የማስበው ይህንኑ ሚዛን ነው። አሳቤን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመግለጽ ያህል፣ ስልኩን ሊለውጥ የተነሣ ተማሪ መጠየቅ ያለበት «ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ሳይሆን «ከሁለቱ የትኛው፣ እኔ ለምሠራው ሥራ፣ ብዙ ዓመት ይቀረዋል?» ብሎ ነው።

ሀ. የነገሩ መነሻ

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዕረፍት ወደ ወሎ በሄድሁ ጊዜ ለአንድ የትምህርት ጽሑፍ የሚሆኑ ጥያቄዎች ይዤ አያቴን ጠየቅኋቸው። ጥያቄዎቹ በድሮ ገበያ እህል ይሰፈርባቸው ስለነበሩት መስፈሪያዎች፣ ማለት ስለ ቁና፣ ስለ ላዳንና ስለ ዳውላ ነበሩ። አያቴ በወትሮው ብዙ መናገር የማይወዱ ሲሆኑ በዚያ ቀን ግን ጨዋታው ራሱ አነሣሣቸውና ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። እኔም ድምፃቸውን በስልኬ እቀዳ ነበር። ስልኩ አምስት ዓመት ያገለገለ ነው። የባትሪው ምልክት ከመቶ አርባ እንደ ቀረው ያሳይ ስለ ነበር አላሰብሁበትም። በጨዋታው መካከል ስክሪኑ በድንገት ጠፋ። ቻርጅ አድርጌ በከፈትሁት ጊዜ የተቀዳው ድምፅ አልተገኘም፤ ቀረጻው በወጉ ሳይዘጋ ስልኩ ስለ ጠፋ ፋይሉ የማይከፈት ሆኖ ቀርቷል።

በማግስቱ እንደገና እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። አያቴም እሺ ብለው ነገሩኝ፤ ነገር ግን የነገሩኝ ግማሹን ነው። የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ በራሱ ጊዜ የመጣ ነበር፤ የሁለተኛው ቀን ግን ለእኔ ለማዘን የተደረገ ነው። ከጠፋው ንግግር በልቤ የቀረ አንድ ቃል አለ። ይኸውም «ቁና ሁሉ ቁና አይደለም፤ ከመግዛትህ በፊት የማን ገበያ ቁና እንደሆነ ጠይቅ» ያሉኝ ነው። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር በመጠን ስለማይተካከል፣ የመስፈሪያውን ስም ብቻ ሰምቶ የሚገዛ ሰው ይጎዳ ነበር ማለታቸው ነው።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ስልኬን ለመለወጥ በተነሣሁ ጊዜ ይህ ቃል ከአሳቤ አልጠፋም። ስልክ ሻጮችም ቁና አላቸውና።

ለ. የሻጩ መስፈሪያ

እያንዳንዱ አዲስ ስልክ ይዞት የሚመጣ የባሕርይ ዝርዝር አለ። ካሜራው ይህን ያህል ሜጋፒክስል፣ ባትሪው ይህን ያህል ሚሊአምፐር-ሰዓት፣ ማከማቻው ይህን ያህል ጊጋባይት እያለ ይቀጥላል። ይህ ዝርዝር እንደ ማናቸውም ጽሑፍ ደራሲ፣ ዓላማና የታሰበ አንባቢ አለው። ቁጥሮቹ ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መለኪያው ላልተጻፈበት መልስ ምንም ነጥብ አይሰጡም ነበር። የዝርዝሩም ጉድለት እንደዚሁ ነው፤ ቁጥሩ አለ፣ ለምንና ለስንት ጊዜ የሚለው ግን የለም።

በመጀመሪያ ካሜራውን እንመልከት። 50 ሜጋፒክስል የሚባል ካሜራ ያለው ስልክ ብዙውን ጊዜ አራት አራቱን ነጥብ አዋሕዶ እንደ አንድ ስለሚቈጥር፣ በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ሥዕል 12 ሜጋፒክስል ተኩል ያህል ነው። ታዲያ ለእኛ ሥራ ስንት ይበቃል? አንድ ተራ የኤ4 ወረቀት ገጽ ለኅትመት በሚበቃ ጥራት፣ ማለት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ አድርገን ብንገለብጥ፣ ወርዱ 2480፣ ቁመቱ 3508 ነጥብ ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ያህል ነው። እንግዲህ የመጽሐፍ ገጽ ወይም የብራና ቅጠል ለሚያነሣ ተማሪ 12 ሜጋፒክስል ተርፎ ይበቃዋል ማለት ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ ሥዕሉን የሚያጠራው የሜጋፒክስሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ስፋትና የሌንሱ መክፈቻ ነው፤ በሱቅ ግን ስለ እነዚህ ሲወራ አልሰማሁም።

ሁለተኛው ማከማቻው ነው። ያልተጨመቀ የአንድ ሰዓት ድምፅ በአንድ መሥመር ብንቀዳ 320 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። አሥር ሰዓት ጨዋታ ብንቀዳ ከሦስት ጊጋባይት እምብዛም አይበልጥም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ሌላ ነው። አፕል ኩባንያ ራሱ በሰጠው ግምት መሠረት በተለመደው ሙሉ ኤችዲ ጥራት አንድ ደቂቃ 60 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ አሥር ሰዓቱ 36 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ያለው ስልክ፣ ከዚያው ላይ ሲስተሙ የሚይዘው ተቀንሶ፣ ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ሰፊ ጎተራ ሲሆን ፊልም ለሚያነሣ ሰው ግን ጠባብ ነው። ቁናው አንድ ነው፤ ገበያው ግን ሁለት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ባትሪው ነው። በዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ቀን ጉልበቱ ነው። የሊቲየም ባትሪ ግን በተሞላና ባለቀ ቍጥር ጥቂት በጥቂት እያረጀ የሚሄድ ነገር ነው። አፕል እንደ ገለጸው፣ የአይፎን 14ና ከዚያ በፊት የወጡት ስልኮች ባትሪ 500 ጊዜ ሙሉ ዙር ከሠራ በኋላ ከመጀመሪያው ጉልበት 80 በመቶ እንዲቀረው ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ በአይፎን 15 ይህ ወደ 1000 ዙር ከፍ ብሏል። በየቀኑ አንድ ሙሉ ዙር ለሚጠቀም ሰው 500 ዙር አንድ ዓመት ከአራት ወር ተኩል ገደማ ነው። ያረጀ ባትሪ ችግሩ ቶሎ ማለቁ ብቻ አይደለም፤ ስልኩ በድንገት ብዙ ኃይል በጠየቀ ጊዜ ለመስጠት ያቅተዋል። የኔም ስልክ ከመቶ አርባ እያሳየ የጠፋው በዚህ ምክንያት እንደሆነ በኋላ ለመረዳት ችያለሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጁ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ሲል ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበረ አምኖ፣ በ2018 ባትሪ የሚቀይርበትን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር ዝቅ ያደረገው ከዚሁ በተነሣ ነው። ከዚህ የምንማረው «ስልኬ ደከመ» ብለን ለመለወጥ ስንነሣ ብዙ ጊዜ የደከመው ባትሪው ብቻ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ስለ ስልክ በምስል እየቀረቡ ሒስ የሚሰጡ ሰዎችም ይህን ጉድለት አይሞሉትም። ስልኩ በወጣ በሳምንቱ ይመረምሩታል፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ከታተመበት ሳምንት ይልቅ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ የስልክም ዋጋ የሚታወቀው በአራተኛው ዓመት ነው። በአራተኛው ዓመት ግን ሐያሲው በቦታው የለም፤ ያለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሐ. ሁለቱ ሞዴሎች

አሳቤ በአየር ላይ እንዳይቀር እኔ ራሴ ያመዛዘንኋቸውን ሁለት ሞዴሎች ላቅርብ። አንደኛው ያገለገለ አይፎን 12 ባለ 64 ጊጋባይት፣ ሁለተኛው አዲስ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16 5ጂ ባለ 128 ጊጋባይት ነው። እነዚህን የመረጥሁበት ምክንያት በጓደኞቼ መካከል ክርክሩ ሁልጊዜ በዚህ መልክ ስለሚቀርብ ነው፤ ማለት «ትልቅ የነበረ አሮጌ ይሻላል ወይስ መካከለኛ የሆነ አዲስ?» ተብሎ።

አይፎን 12 የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ነው። ስክሪኑ 6.1 ኢንች፣ ባትሪው 2815 ሚሊአምፐር-ሰዓት፣ የኋላ ካሜራዎቹ ሁለት ሆነው እያንዳንዳቸው 12 ሜጋፒክስል ናቸው። ኤ14 የሚባለው ቺፑ ዛሬም ፈጣን ነው። ውሃና አቧራ በደንብ ይቋቋማል። ሚሞሪ ካርድ ግን አይቀበልም።

ጋላክሲ ኤ16 5ጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ነው። ስክሪኑ 6.7 ኢንች፣ ባትሪው 5000 ሚሊአምፐር-ሰዓት፣ ዋናው ካሜራ 50 ሜጋፒክስል ነው፤ የ50ውን ትርጉም ከላይ አይተነዋል። ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል። ነገር ግን ሻጩ ብዙ ጊዜ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ የሁለተኛው ሲም ቦታና የሚሞሪ ካርዱ ቦታ አንድ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በአገራችን ከጀመረ ወዲህ የሁለቱንም ድርጅቶች ሲም በአንድ ስልክ የሚይዝ ተማሪ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ወይ ሁለተኛውን ሲም ወይ ካርዱን መተው ይኖርበታል። ስለዚህ «ሁለት ሲም፣ ደግሞም ካርድ» የሚለውን የሻጭ ቃል «ሁለት ሲም፣ ወይም ካርድ» ብሎ ማረም ያስፈልጋል። አንድ ፊደል የማታህል ቃል ናት፤ የገዢውን ዓመት ግን ትለውጣለች።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ለእያንዳንዳቸው ስንት ዓመት ይቀራቸዋል? የስልክ ዕድሜ የሚቈጠረው ዕቃው እስኪሰበር ድረስ ብቻ አይደለም፤ ሠሪው የሶፍትዌር ማሻሻያ መስጠቱን እስኪያቆም ድረስም ነው። ማሻሻያው ሲቆም ስልኩ በማግሥቱ አይሞትም፤ ነገር ግን የጥበቃው በር ክፍት ይሆናል፣ መተግበሪያዎችም አንድ በአንድ ይተዉታል። ለምሳሌ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በአንድሮይድ 4.4ና ከዚያ በታች በሆኑ ስልኮች መሥራቱን አቁሟል፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ አይፎን 6ን ትቷል። በ2014 የተሠራ አይፎን 6 ስክሪኑ ቢበራ፣ ድምፁም ቢሰማ፣ ከሰው ጋር የሚያገናኘው መንገድ ግን አንዱ ተዘጋ። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘባችንም በስልካችን ውስጥ ስለ ገባ፣ የጥበቃው ነገር የቅንጦት ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል።

አፕል ለአይፎኖቹ የሰጠው ዋና ማሻሻያ ባለፉት ዓመታት ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ሲዘልቅ ታይቷል። በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስአር በሴፕቴምበር 2025 አይኦኤስ 26 ሲመጣ ከዝርዝሩ ወጥቷል። በዚሁ ልክ ብንሰፍር በ2020 የወጣው አይፎን 12 እስከ 2027 ገደማ ይደርሳል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ሳምሰንግ በበኩሉ ለጋላክሲ ኤ16 5ጂ የስድስት ዓመት የጥበቃ ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ ይኸውም እስከ 2030 ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ተሸጡ ብንል እንኳ፣ አንዱ ለሁለት ዓመት፣ ሌላው ለአምስት ዓመት ቢያገለግል፣ የመጀመሪያውን የገዛ ተማሪ በየዓመቱ የሚከፍለው ሁለተኛውን ከገዛው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በተወደደበት ጊዜ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መ. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ይህን አሳብ ለጓደኞቼ ባቀረብሁ ጊዜ ሦስት ተቃውሞ ገጥሞኛል። ሦስቱም ክብደት ስላላቸው በቅንነት መመርመር ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «የስድስት ዓመት ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ቃል ገና ሥራ አይደለም። ነገር ግን ነገሩ ከኩባንያ ቃል አልፎ ወደ ሕግ እየገባ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በገበያው የሚገቡ ስልኮች ሞዴሉ መሸጡ ካቆመበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ አምስት ዓመት የሲስተም ማሻሻያ እንዲያገኙ፣ ባትሪያቸውም ከ800 ዙር በኋላ 80 በመቶ እንዲቀረው የሚያዝ ደንብ በሥራ ላይ አውሏል። ደንቡ በእኛ ገበያ አያዝም። ቢሆንም ገዢው በዓመት መቍጠር እንደሚገባው ትልቅ ገበያ ያመነበት መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይበረታል። «ስልኩ አምስት ዓመት ይኖራል፤ ግን እያነከሰ ይኖራል» ይላል። የኤ16 ቺፕ ከአይፎን 12 ቺፕ በግልጽ የዘገየ ነው። አራት ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ኤ16 ከሦስት ዓመት በኋላ በብዙ ሥራ ሲጨናነቅ ማየት አያስደንቅም። ይህን መካድ አልችልም። ስለዚህ የ«ቀሪ ዓመት» ሚዛኔ አንድ ማረሚያ ያስፈልገዋል፤ የሚቈጠረው ስልኩ የሚኖርበት ዓመት ሁሉ ሳይሆን የእኔን ሥራ ሊሠራ የሚችልበት ዓመት ነው። ድምፅ መቅዳት፣ ገጽ ማንሣት፣ ማንበብና መጻፍ ከባድ ቺፕ አይጠይቁም። ፊልም ቈርጦ መቀጠል ግን ይጠይቃል። እንግዲህ ኤ16ን የሚመርጥ ሰው ስድስት ወይም ስምንት ጊጋባይት ራም ያለውን ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ፊልም የሚሠራ ሰው ደግሞ አይፎኑን ቢመርጥ ተሳስቷል አልልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «አይፎን ሲሸጥም ዋጋ ያወጣል» የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው። ስለዚህ ዋጋውን ለዓመት ከማካፈላችን በፊት በኋላ ይሸጥበታል ብለን የምንገምተውን መቀነስ ይገባል። ይሁን እንጂ ያገለገለ ስልክ ዋጋ የሚወድቀው ማሻሻያው ሲቆም መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ባለፈው ባለቤት እጅ የቆየው ዋጋ በእኛ እጅ ደግሞ ይቆያል ማለት አይደለም።

ሠ. ስለ ስም

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን በግልጽ የማይነገር አራተኛ ምክንያት አለ። እርሱም ስም ነው። በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ስልክ የባለቤቱ ደረጃ ማሳያ ሆኗል። ጀርባው ላይ ያለው ምልክት እንዲታይ ሽፋን የማያለብስ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ሳለ ስሙን ይዞ የሚዞር ተማሪ እናውቃለን። እኔም ከዚህ ነጻ ነኝ ለማለት አልደፍርም፤ ከአንድ ሱቅ ወጥቼ ወደ ሌላው ስገባ በመጀመሪያ የጠየቅሁት የአይፎኑን ዋጋ ነበር።

ስም ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስም ብዙ ጊዜ የጥሩ ሥራ ጥላ ነው። ነገር ግን ጥላ በማታ ይረዝማል። ስማቸው ትንሽ የሆነውንም በንቀት ማለፍ ተገቢ አይደለም። ቴክኖን የሚሠራው ትራንሽን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራችን የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ያቋቋመ ሲሆን፣ ካሜራዎቹ የጥቁር ሰው ፊት በትክክል እንዲያሳዩ በማስተካከሉ በአፍሪካ ገበያ የታወቀ ነው። ትልልቆቹ ስሞች ለረጅም ጊዜ ቸል ያሉትን ጉዳይ ትንሽ የተባለው ስም አስቦበታል። እንዲህ ያለውን ስልክ የሚመለከት ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ሞዴል ስንት ዓመት ማሻሻያ ተስፋ ተሰጥቶታል? መልሱ በሳጥኑ ላይ ወይም በኩባንያው መግለጫ ላይ ካልተገኘ፣ አለመገኘቱ ራሱ መልስ ነው።

ረ. ሦስተኛው መንገድ

ክርክራችን ሁልጊዜ በሁለት ሞዴሎች መካከል ስለሚሆን ሦስተኛውን መንገድ እንረሳዋለን። እርሱም አለመለወጥ ነው። የያዝነው ስልክ ማሻሻያ እያገኘ ሳለ የሚያስቸግረን ባትሪው ብቻ ከሆነ፣ ባትሪውን ማስቀየር ከሁሉ የረከሰው ምርጫ ነው። የኔ ስልክ ማሻሻያው ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ስለ ነበር ይህ መንገድ ለእኔ አልሠራም። ነገር ግን ከጓደኞቼ አንዱ ስልኩን ሊለውጥ ተነሥቶ ሳለ ስንቈጥርለት ሦስት ዓመት ቀርቶት ስለ ተገኘ ባትሪውን አስቀይሮ ቀሪውን ገንዘብ ለመጻሕፍት አውሎታል።

ያገለገለ ስልክ ለመግዛት የቆረጠ ሰውም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለውን አይርሳ። አይፎን 12ና ከዚያ በኋላ የወጡት ባትሪያቸው፣ ስክሪናቸው ወይም ካሜራቸው ተቀይሮ እንደሆነ በቅንጅቱ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ክፍል ያሳያሉ። የባትሪው ጤንነት ከመቶ ስንት እንደሆነም በዚያው ቅንጅት ይታያል። የቀድሞው ባለቤት መለያ ከስልኩ ካልወጣ ስልኩ ዳግም ሲጀመር ተቈልፎ ስለሚቀር፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ በፊታችን እንዲያወጣው ማድረግ ይገባል። *#06# ሲደወል የሚመጣውን ቁጥርም በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰ. መደምደሚያ

እኔ በመጨረሻ የመረጥሁት ኤ16 5ጂን፣ ስድስት ጊጋባይት ራም ያለውን ነው። ሁለተኛውን ሲሜን ትቼ በቦታው ሚሞሪ ካርድ አግብቼበታለሁ። ካሜራው በማታ ደካማ መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት አይቻለሁ፤ የአይፎኑንም ፍጥነት አልፎ አልፎ እመኘዋለሁ። ነገር ግን ስልኩን የገዛሁት ሰው ሲናገር ለመስማትና የሰማሁትን ላለማጣት ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ ባትሪ፣ የማይሞላ ማከማቻ፣ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁም በኋላ የማይዘጋ የማሻሻያ በር ነው።

የሌላው ተማሪ ሥራ ሌላ ስለሆነ ምርጫውም ሌላ ሊሆን ይችላል። የምለምነው ሞዴሌን እንዲመርጡ ሳይሆን ሚዛኑን እንዲመረምሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያቀረብሁትን ስሌት ሌሎች ተማሪዎች በያዟቸው ሞዴሎች ላይ ፈትነው፣ በተለይም አራት ዓመት በእጃቸው የቆየውን ስልክ ጠባይ ጽፈው ቢያቀርቡ፣ ከማናቸውም የሱቅ ዝርዝር የበለጠ ጥቅም ይኖረዋል። መምህራንም ለመስክ ጥናት በሚልኩን ጊዜ ከጥያቄዎቹ ዝርዝር ጋር የመሣሪያውን ነገር ቢያሳስቡን መልካም ነው። ስልክ ቢበላሽ ይለወጣል፤ አንድ ጊዜ የተናገሩ ሽማግሌ ግን በማግሥቱ የሚነግሩን ግማሹን ብቻ ነው።